ጦቢያን ይዞ ወደ መተማ

ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርድ መንገደኛ አይከል ላይ ቆም ብሎ ትኩስ ነገር ቢጠጣ አይቆጨውም። አይከል ያለችበት ጭልጋ የደጋው ጠርዝ ነው። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ መንገዱ መጠምዘዝ ይጀምራል፤ መጀመሪያ ጋቢ ይወልቃል፣ ቀጥሎ ኮት፣ ነጋዴ ባሕር ሲደረስ ደግሞ የሚኒባሱ መስኮት ሁሉ ይከፈትና ተሳፋሪው ጸጥ ይላል። ሙቀቱም አለ፤ ይበልጥ ዝም የሚያሰኘው ግን ስፋቱ ነው። ደጋ ላይ ዓይንን የሚመልስ ተራራ አይጠፋም፤ እዚህ የሚመልስ ነገር የለም። ያ ከፊት የተዘረጋው ሜዳ ሱዳን ነው ይሉሃል፤ ከየት ላይ ጀምሮ ሱዳን እንደሚሆን ግን ሾፌሩም አያሳይህም። እኔ በቆላው ፍቅር የተለከፍኩት እዚያው ቁልቁለቱ ላይ ነው።

ጊዜው ጥቅምት ነበር፤ የሱዳን ጦርነት ገና አልተነሳም፣ ከመተማ ዮሐንስ ወደ ሱዳኗ ገላባት ተሻግሮ ፉል በልቶ መመለስም ወሬ የሚሆን ነገር አልነበረም። ቦርሳዬ ውስጥ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ይዣለሁ። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ናት፤ በኋላ ሁላችንም «ጦቢያ» እያልን የለመድናት፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመች የመጀመሪያዋ የአማርኛ ልብ ወለድ።

ታሪኩን ለዘነጋ ሰው ባጭሩ ላስታውስ። ክርስቲያንና አረመኔ በሚዋጉበት በጥንት ዘመን አንድ የክርስቲያን ጦር አበጋዝ ይሸነፋል፤ ተማርኮም ባሪያ ሆኖ ይሸጣል። አንድ ደግ ነጋዴ አዝኖለት ነፃ ያወጣዋል፤ ወደ ቤተሰቡም ይመለሳል። መንታ ልጆች አሉት፤ ዋሕድና ጦቢያ። ዋሕድ የዚያን ነጋዴ ውለታ ልክፈል ብሎ ይወጣና እሱ ራሱ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ስትባዝን የአረመኔው ንጉሥ ጦር ያገኛታል። ከዚያ በኋላ ያለው የፍቅር ግርግር ነው፤ የንጉሡ ዘመድ ልዕልት ጦቢያን ወንድ መስላት ትወዳታለች፣ ሴትነቷ ሲታወቅ ንጉሡ ራሱ ያብድላታል፣ በመጨረሻም ክርስቲያን ሆኖ ያገባታል። ስንት ሰው የፈጀ ጦርነት በሠርግ ያልቃል።

ጦቢያ አገሪቱ ናት፤ ይህን ሥነ ጽሑፍ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። የማይጠየቀው ጦርነቱ የየት ጦርነት እንደሆነ ነው። ተረት ነው፣ ዘመኑም የጥንት ነው ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን አፈወርቅ የት እንደተወለደ ካወቅሁ ወዲህ እንዲህ በቀላሉ ማለፍ አቃተኝ። ሰውዬው የዘጌ ሰው ነው፤ በ1860 ዓ.ም. ገደማ፣ ጣና ዳር፣ በቡና ጫካ መሐል የተወለደ። የዘጌ ቡና ደግሞ በዚያ ዘመን ዋና ገበያው መተማ ነበር። ቡናው፣ ሰሙ፣ ማሩና ዝባዱ በአህያና በበቅሎ ወደዚህ ቆላ ይወርዳል፤ ሰውም ይወርዳል፣ በሰንሰለት ታስሮ። ገበያውን የያዙት ከዳርፉርና ከዚያም ማዶ መጥተው እዚህ የሰፈሩት ተክሩሮች ነበሩ። ስለዚህ የዘጌ ልጅ «ሰው ተማርኮ ይሸጣል» ብሎ ሲጽፍ ከሩቅ አገር ተረት መዋስ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። የተሸጠው አበጋዝ የሚሄድበትን መንገድ ሰፈርተኛው ሁሉ ያውቀዋል።

ይህ የእኔ ንባብ ነው፤ አፈወርቅ እንዲህ ብሎ የጻፈው ማስረጃ የለኝም። ግን እንዲህ ማንበብ ነውር አይደለም። እንግሊዛዊው ቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምሳሌ ነው እየተባለ ሲነዘነዝ፣ በሁለተኛው እትም መቅድም ላይ ምሳሌ ማበጀት እንደማይወድ በግልጽ ተናግሯል፤ ምሳሌ የሚያበጅ ጸሐፊ አንባቢውን ይገዛል፣ ታሪክ የሚተርክ ግን አንባቢው የራሱን ነገር እንዲያዛምድ ይተወዋል ባይ ነው። ቶልኪን ይህን የሚለው እ.ኤ.አ. በ1916 በሶም ውጊያ ውስጥ ገብቶ የወጣ፣ የቅርብ ጓደኞቹን ጦርነቱ የበላበት ሰው ሆኖ ነው። እምቢታውን አከብራለሁ፤ ፈቃዱን ግን ይዤ ወደ መተማ ወርጃለሁ።

መንገዱ ዳር የዕጣን ዛፎች አሉ። ቅጠላቸው በዚህ ወር መርገፍ ጀምሯል፣ ልጣቸው እንደ ስስ ወረቀት እየተላጠ ነፋስ ላይ ይርገበገባል። ግንዱ ላይ ዕጣን ለቃሚዎች የፋቁት ጠባሳ አለ፤ ከጠባሳው ዳር የደረቀች አንዲት ነጭ ጠብታ ፈልቅቄ አሸተትኩ፤ ያው የቤተ ክርስቲያን ሽታ ነው፣ ጸሐይ ላይ። ከዛፎቹ ወዲያ ሰሊጥ ነው። ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ ነዶው ተደጋግፎ ቆሞ እስኪደርቅ ይጠብቃል፤ ክምሩን «ሂላ» ይሉታል። ሳሉጎቹ፣ ከጎጃምና ከወሎ ሳይቀር በአጨዳ ወራት የሚመጡት የቀን ሠራተኞች፣ ጥላ ሥር አረፍ ብለዋል። አንዱ ወጣት ላሳይህ አለኝና ሸራ ዘርግቶ ነዶውን ገለበጠው፤ ጀርባውን በዱላ መታ መታ ሲያደርገው ሰሊጡ ከየአፉ ይረግፍ ጀመር። ድምፁ ቆርቆሮ ላይ እንደሚያርፍ ካፊያ ነው። «ጋሼ፣ አንድ ቀን ከዘገዩበት አፉን ከፍቶ መሬት ላይ ይጨርሰዋል» አለኝ። ስለዚህ ነው እዚህ አገር በጥቅምት ሁሉም የሚጣደፈው።

ገንዳ ውኃ ማታ ደረስኩ፤ የቆዩት ሰዎች እስካሁን ሸኽዲ ነው የሚሏት። የምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ዞኑ ከሰሜን ጎንደር ተከፍሎ ራሱን ከቻለ ገና ብዙ ዓመት አልሆነውም ነበር። አልጋ የያዝኩበት ቤት ግቢ ውስጥ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ወግ ጀመርን። «አባቴ፣ አጼ ዮሐንስ የወደቁት የት ላይ ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው መልስ አልሰጡኝም፤ በከዘራቸው መሬት ላይ ክብ ሠሩ። ዘሪባው፣ የጠላት ጦር የእሾህ አጥር ነው። ከዚያ ከዘራውን በአንድ በኩል አስገቡት። «በዚህ በኩል ሰበሩት» አሉኝ፤ «ሰብረው ገብተው ነበር እኮ፣ ልጄ። ገብተው ነበር።»

እውነታቸውን ነው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ጦር የሱዳኖቹን ደርቡሾች የእሾህ አጥር ጥሶ ገብቶ ድሉ እጁ ላይ ነበር። ንጉሡ መጀመሪያ እጃቸውን፣ ቀጥሎ ደረታቸውን ተመቱ፤ ወሬው ሲሰማ ያሸነፈው ጦር ተፈታ። በማግሥቱ ዐረፉ። አስከሬኑን ይዘው ይመለሱ የነበሩትን የደርቡሹ አዛዥ የዘኪ ጡማል ሰዎች ጓንግ ወንዝ አካባቢ ደርሰውባቸው፣ የንጉሡ ራስ ተቆርጦ ለደርቡሾቹ መሪ ለኸሊፋ አብዱላሂ ወደ ኦምዱርማን ተላከ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የደርቡሽ ጦር ጎንደርን አቃጥሎ፣ አብያተ ክርስቲያናቱን ዘርፎ፣ ሰውን በገፍ ባሪያ አድርጎ ነድቷል። ዮሐንስ እንኳ ከመጨረሻው ዘመቻ በፊት ለደርቡሾቹ ጦር አዛዥ ለሐምዳን አቡ አንጃ ደብዳቤ ልከው፣ ጠላታችን አውሮፓዊ ነው፣ እኛ እንታረቅ ብለው ነበር፤ የመጣላቸው መልስ ስድብ ነው።

ሽማግሌው ይህን ሲተርኩ እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ይህ ጦርነት ማንም ደራሲ ሳይነካው ገና ከመነሻው ተረት ለብሶ ነበር። በኦምዱርማን፣ የሐበሻ ንጉሥ መጥቶ ፈረሱን ካርቱም አጠገብ ካለች አንዲት ዛፍ ያስራል፣ ፈረሱም በደም ይዋኛል የሚል የቆየ ንግርት ይወራ እንደነበር በኸሊፋው እጅ ለዓመታት የታሰረው ኦስትሪያዊው ስላቲን ጽፏል። እዚሁ ገላባት በነበረው የደርቡሾቹ ጦር ሰፈር ውስጥ ደግሞ «ነቢዩ ዒሳ እኔ ነኝ» ያለ ሰው ተነስቶ አዛዦች ሳይቀሩ ተከተሉት፤ አቡ አንጃ ሰቀላቸው። ሁለቱም ወገን የሚዋጋው በትንቢት ነው። ምሳሌያዊ ልብ ወለድ እንዲህ ካለው እውነት ጋር ሲተያይ ቁጥብ ሆኖ ይታያል።

ወደ ደቡብ ቋራ አለ። ቋራ መሄድ ፈልጌ መንገዱ አልተመቸኝም፤ ከሺንፋ ወዲያ አልዘለቅኩም። ግን ስሙ ብቻውን ይበቃል። ካሳ ኃይሉ ከዚያ ቆላ ወጥቶ፣ በ1840 ዓ.ም. ከመተማ ማዶ ደባርቂ ላይ በግብጽ መድፍ ተደብድቦ ተመልሶ፣ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሥ የመረጠው ስም ከፍካሬ ኢየሱስ የወጣ ነው፤ ከመከራ ዘመን በኋላ መጥቶ በፍትሕ ይገዛል ተብሎ የተነገረለት ቴዎድሮስ። ደራሲ ፖለቲካን ተረት ያለብሳል እንላለን፤ የቋራው ሰው ገልብጦ ተረቱን ለብሶ ወደ ፖለቲካው ገባ። ከመቶ ዓመት በኋላ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ እንባ»፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለእናቱ» ወደ እሱ የተመለሱት ያለ ነገር አይመስለኝም። ዙፋን ላይ ስላለው ንጉሥ መናገር በማይቻልበት አገር ስለ ሞተው ንጉሥ መናገር ይቻላል፤ አንባቢም ማንን ከማን ጋር እንደሚያወዳድር ማንም አያስተምረውም።

አቤ በዚህ ጉዳይ የከፈለውን ያህል የከፈለ ጥቂት ነው። «አልወለድም» ውስጥ በእናቱ ማኅፀን ያለ ፅንስ አፍ አውጥቶ እንዲህ ባለ አገር መወለድ አልፈልግም ብሎ ይከራከራል። አገሩ ሌላ፣ ስሙ ሌላ ነው፤ በ1955 ዓ.ም. ሲታተም ግን መንግሥት ለአፍታ እንኳ አልተሞኘም፣ መጽሐፉን ሰበሰበው። ከሱም በፊት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት በ«ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ላ ፎንቴንን ተከትለው አውሬዎችን ሲያናግሩ፣ ቤተ መንግሥቱ አውሬዎቹ እነማን እንደሆኑ ወዲያው ገብቶት ቲያትር በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከለከለ። ኦርዌል አሳማዎቹን መድረክ ላይ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1945 ነው፤ የኛ ሰው ከሃያ ዓመት በላይ ቀድመውታል። እኔ ለዚህ ኩራት ቦታ አላጣም፣ ምንም እንኳ የኦርዌል አሳማ ዓለምን ዞሮ የኛ አውሬዎች ከአዲስ አበባ ባይወጡም።

ከገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ በኮኪት በኩል ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ሹፌሮቹም ቀጥታነቱን አላግባብ ይጠቀሙበታል። ከተማዋ የአንድ መንገድ ከተማ ናት። መንገዱ በባጃጅ፣ በአህያ ጋሪና በሰሊጥ ጭነት ተጨናንቆ ይወርድ ይወርድና አንዲት ደረቅ ቦይ ጋ ያቆማል። ድንበሩ ያ ነው። ይህን ሁሉ ታሪክ የተሸከመ ድንበር ቢያንስ ወንዝ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር። በክረምት ውኃ ይሞላታል አሉኝ፤ በጥቅምት ግን ፍየሎች እየተሻገሩ ይውላሉ፣ ፓስፖርት የሚጠይቃቸውም የለም።

በዚህች ቦይ ግራና ቀኝ ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. እንግሊዞች ጣሊያንን ወግተው ነበር። ጦሩን የመራው በኋላ በበርማ ስመ ጥር የሆነው ስሊም ነው፤ ገላባትን ያዘ፣ መተማን አልቻለም፣ ታንኮቹ ተሰባበሩበት፣ አውሮፕላን ከላይ ፈጀው፣ ተመለሰ። ጣሊያኖች በጥር መጨረሻ ሲለቁ ደግሞ መንገዱን ፈንጂ ዘርተውበት ሄዱ፤ ባጋት የሚባል ወጣት ሕንዳዊ መኮንን 90 ኪሎ ሜትር ያህል እየመራ 15 የፈንጂ ሜዳዎች አስጸድቶ የቪክቶሪያ መስቀል ተሸለመ። በዚያው ጥር፣ በዚሁ ድንበር ወደ ደቡብ ራቅ ብሎ ኦሜድላ ላይ፣ የዘመኑ ንጉሠ ነገሥት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቅሉ፣ ሱዳን በስደት የቆየው ባለቅኔ ዮፍታሔ ንጉሤ አብሮ ተመለሰ፤ በ«አፋጀሽኝ» አገሩን በሴት መስሎ ያሳየ ሰው ነው። አፈወርቅ በዚያ ሰዓት ከጣሊያኖች ጋር ነበር። ጦቢያን የወለደው ብዕረኛ ለወራሪው አደረ፤ ነፃነት ሲመለስ ተፈርዶበት ጅማ በግዞት ሞተ።

ይህ ነገር ጽሑፉን እንዳልወደው አላደረገኝም፤ እንድጠረጥረው ግን አድርጎኛል። «ጦቢያ» በታተመች በዓመቱ ባወጣው የዳግማዊ ምኒልክ ታሪክ ውስጥ አፈወርቅ ዮሐንስን ያለ ርኅራኄ ነው የሚያብጠለጥላቸው። ይህን መጽሐፍ አምርሮ የተቸው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው፤ የሱ አባት እዚህ መተማ ላይ ከንጉሡ ጋር እንደወደቀ ይነገራል። አንድ ብዕር በታሪክ መጽሐፉ ለመተማ ሟች አንዲት እንባ ነፍጎ፣ በልብ ወለዱ ግን የተሸነፈውን አበጋዝ ከባርነት ያወጣዋል፣ ልጁን ይድርለታል፣ ጠላቱን ያጠምቅለታል። መተማ ላይ የተሸነፍነውን ጦርነት ወረቀት ላይ በሙሽራ አሸነፍነው። እንደ ልብ ማድረሻ አይከፋም። እንደ ሰላም ግን የአንድ ወገን ሰላም ነው፤ ለመታረቅ ሌላው ራሱን መተው አለበት።

ቦይዋ አጠገብ ሻይና ቡና የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ እናቷ የጭልጋ፣ አባቷ የገዳሪፍ። ቶቧን ትከሻዋ ላይ እየመለሰች፣ ለአንዱ በዐረብኛ፣ ለሌላው በአማርኛ እየመለሰች፣ ዝንጅብል የበዛበት ቡና ትቀዳለች። የጦቢያን ታሪክ ለሷና አጠገቧ ለተቀመጠ አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ተረኩላቸው። እንዴት እንደሚቀበሉት ማየት ጓጉቼ ነበር፤ አዲስ አበባ ተቀምጠን ስለዚህ መጽሐፍ የምናወራ ሰዎች የምንከራከረው ስለ ጦቢያና ስለ ንጉሡ ነው።

ነጋዴው ሠርጉ ላይ አስቆመኝ። «ጥሎሹን ማን ሰጠ?» አለ። መጽሐፉ ውስጥ ስለ ጥሎሽ የተጻፈ ትዝ አይለኝም አልኩት። «ታዲያ ምን ሠርግ ነው» ብሎ ፊቱን ወደ ሚዛኑ መለሰ።

እሷ ግን ጀበናውን አስቀምጣ፣ «ወንድሜ፣ ያ ነጋዴ የት ደረሰ?» አለችኝ።

«የቱ ነጋዴ?»

«አባትዬውን ነፃ ያወጣው ነዋ! ልጁ እሱን ሊክስ ወጥቶ አይደል ይህ ሁሉ መዓት የመጣው? ንጉሥ ለምኑ ነው፤ ገንዘቡን አውጥቶ የማያውቀውን ሰው የለቀቀው እሱ ነው። እኔ ብሆን ታሪኩን በሱ እጀምረው ነበር።»

መጽሐፉን ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ነጋዴውን ግን ሁልጊዜ እንደ በር አልፌው እገባለሁ እንጂ ዞር ብዬ አይቼው አላውቅም። ክርስቲያንና አረመኔ፣ ንጉሥና ሙሽራ እያልን የምንፈታው ምሳሌ ውስጥ ጦርነቱን ለአንድ ሰው እንኳ ያቆመው ሒሳቡን ትቶ ሰውየውን የለቀቀው ነጋዴ ነው። ይህን ለማየት ድንበር ላይ ቡና መሸጥ ያስፈልግ ኖሯል።

«ጸሐፊው ለመሆኑ ምን ሠሪ ነበር?» አለችኝ ሳንቲሜን እየመለሰች።

«ነጋድራስ» አልኳት።

ሳቀች፤ ሰሊጥ ነጋዴውንም በክርኗ ጎሰም አደረገችው። «ይኸው! ለወገኑ ማድላቱ ምን ይደንቃል?»

ሹመቱን አፈወርቅ ያገኘው መጽሐፉ ከታተመ ከብዙ ዓመት በኋላ መሆኑን አልነገርኳትም።